ከእጃችን ወደ ሰው ቤት፦ ለገና ስለሚሰጥ ምግብ

(በታኅሣሥ ወር፣ አዲስ አበባ፣ በአንድ የሰፈር አዳራሽ ለተሰበሰቡ ጎረቤቶች ያደረግኩት ንግግር ነው። በቃል የተናገርኩትን ብዙም ሳልነካካ ጽፌዋለሁ።)

እንደምን አደራችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ነው። ገናም እየደረሰ ነው። ሥራችሁ ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጊዜያችሁን ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራው በቤታችን ሠርተን ለበዓል ለሰው ስለምንሰጠው ምግብ ነው። ስለ ዳቦ ቆሎ፣ ስለ ቅቤ፣ ስለ በርበሬ፣ ስለ ጭኮ። አሠራሩን አሳምራችሁ የምታውቁ እናቶች ፊቴ ተቀምጣችኋል። እኔ ይበልጥ ማውራት የምፈልገው ምግቡ ከእጃችን ወጥቶ ሰው አፍ እስኪገባ ድረስ ስላለው ነገር ነው። በአንድ ታሪክ ልጀምር።

ከ11 ዓመት በፊት ታናሽ እህቴ ወደ ጀርመን ሄደች። የመጀመሪያውን ገና ብቻዋን ልታሳልፍ ነው። በዓሉ አንድ ሳምንት ሲቀረው የሰፈራችን ልጅ ወደዚያው እንደሚበር ሰማሁ። ነገ ጠዋት ነው የሚሄደው። ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ ሁለት ኪሎ ዳቦ ቆሎ ሠራሁ። የመጨረሻው ከምጣድ ሲወርድ ሊነጋ ነው። ትኩሱን በፌስታል ቋጠርኩት። እንዳይፈስ ብዬ ሌላ ፌስታል ደረብኩበት። ሮጬ አደረስኩ።

እህቴ ደወለች። «ደርሶኛል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለችኝ። ስለ ጣዕሙ ግን ምንም አላለችም። እኔም አልጠየቅኳትም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ለእረፍት መጣች። ወጥ ቤት ቁጭ ብለን ሊጡን በመቀስ እየቆረጥን ሳለ ነገረችኝ። ዳቦ ቆሎው ሻግቶ ነበር የደረሳት። ልትበላው አልቻለችም። መጣሉም አላስቻላትም። ሦስት ቀን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጣው እያየችው አለቀሰች። ለእኔ መንገሩ ደግሞ ይባስ ከበዳት።

ያን ሌሊት ስለ ዱቄቱ አስቤያለሁ። ስለ በርበሬው፣ ስለ ጨውም አስቤያለሁ። ስለ መንገዱ አላሰብኩም። ከእኔ እጅ ከወጣ በኋላ ምን እንደሚደርስበት አላሰብኩም። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ለሰው ምግብ ልሠራ ስነሳ መጀመሪያ የማስበው ሰውየውን ነው። የት ነው ያለው? መቼ ይደርሰዋል? ይጾማል? ጥርስ አለው? ወጥ ቤት አለው? ይህን ከመለስኩ በኋላ ነው ዱቄት የምነፋው።

ምግብ መስጠት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ቡሄ ላይ ሆያ ሆዬ ለሚሉ ልጆች ሙልሙል ይጋገር ነበር። ለክርስትና ልጅ ደግሞ ለብቻው ይዘጋጅለታል። በፋሲካ ሰሞን አማች ወደ አማቶቹ፣ የክርስትና ልጅም ወደ ክርስትና አባቱና እናቱ ድፎውንና መጠጡን ይዞ ይሄዳል፤ አክፋይ ይባላል። አገልግል የሚባለው በቆዳ የተለበጠ ክዳን ያለው ዕቃ የተሠራውም ለመንገድ ምግብ ነው። አሁን ለሆያ ሆዬ ልጆች ብር ነው የምንሰጠው። ልጆቹም ብሩን ይመርጣሉ፤ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን ልጅ ሆኜ ከተቀበልኩት ሳንቲም አንዱንም አላስታውስም። የጎረቤታችንን ሙልሙል ሽታ አሁንም አስታውሰዋለሁ።

ወደ ሻገተው ዳቦ ቆሎ ልመለስ። ምን ነበር ስህተቱ?

ውሃ ነው። ትኩስ ነገር እንፋሎት አለው። እንፋሎቱ ፌስታል ውስጥ መውጫ ሲያጣ ተመልሶ ጠብታ ይሆናል። ሻጋታ የሚፈልገው ያንን ጠብታ ነው። የውሃን ጉልበት ለማየት ማርን አስቡት። ጥሩ ማር ከመቶ 20 እጅ ያነሰ ውሃ ነው ያለው። በደንብ ከተከደነ ዓመታት ይቀመጣል፤ ቢረጋ እንጂ አይበላሽም። ያንኑ ማር ለአንድ እጁ ሦስት እጅ ውሃ ጨምሩበት። ጌሾ አድርጉበት። ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ጠጅ ነው። ማሩ ያው ማር ነው። ውሃ ሲገባበት ነገሩ ሁሉ ሕይወት ዘራ።

እናቶቻችን ለመንገደኛ የሚሰንቁትን ተመልከቱ። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ፣ ድርቆሽ። አንዱም ውስጥ ውሃ የለም። ያለ ፍሪጅ ለረጅም መንገድ የሚሆነውን ነገር እጃቸው ያውቀዋል። ስለዚህ ሩቅ ለሚሄድ ስጦታ አዲስ ነገር መፈልሰፍ አያስፈልገንም። ከስንቅ ውስጥ መምረጥ ነው።

አሁን ዳቦ ቆሎ። ትንሽ ረዘም አድርጌ ልናገርበት፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ለአንድ ኪሎ የስንዴ ዱቄት ሁለት የቡና ሲኒ ዘይት፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው አደርጋለሁ። ጣፋጭ ከፈለግኩ በርበሬውን ትቼ ስኳር እጨምራለሁ፤ ጨዉንም ወደ አንድ የሻይ ማንኪያ አወርደዋለሁ። መጀመሪያ ዘይቱን ከዱቄቱ ጋር በእጄ በደንብ አሸዋለሁ። ቀጥሎ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ፤ ሁለት ብርጭቆ ግድም ይበቃል። ሊጡ ጠንካራ መሆን አለበት። ለድፎ የምታቦኩትን ዓይነት ለስላሳ ሊጥ ከሆነ ለመድረቅ ቀኑን ሙሉ ይወስዳል። 20 ደቂቃ ሸፍኜ አሳርፈዋለሁ። ከዚያ በመዳፍ እያሹ እንደ እርሳስ ማቅጠን ነው። መቀሱን ዱቄት እየነኩ እንደ ሽምብራ ፍሬ መቁረጥ ነው። ሁሉም እኩል ይሁን። ትልቁ እስኪደርቅ ትንሹ ያርራል።

ምጣድ ላይ ከሆነ እሳቱ ዝግ ይበል፤ እጅም አይረፍ። ኦቨን ካላችሁ 180 ዲግሪ ላይ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ፤ መሀል ላይ ሁለት ሦስቴ ማገላበጥ። ዋናው ነገር ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። መልኩ ካማረ በኋላ ኦቨኑን አጠፋለሁ፤ ፓትራውን ግን አላወጣም። በሩን ትንሽ ገርበብ አድርጌ እዚያው እተወዋለሁ። በቀረው ሙቀት ውስጡ ይደርቃል። ከዚያ አውጥቼ ንጹሕ ጨርቅ ላይ እበትነዋለሁ። ቢያንስ ሁለት ሦስት ሰዓት። ማታ ከሠራሁት ጠዋት ነው የማሽገው።

መድረቁን በዓይን ማወቅ አይቻልም። ትልቁን ፍሬ መርጣችሁ ስበሩት። ቀጭ ብሎ ከተሰበረና መሀሉ ደረቅ ከሆነ ጨርሳችኋል። መሀሉ ትንሽ እንኳን እንደ ሊጥ ሳብ ካለ ሁሉም ወደ እሳቱ ይመለስ። በዚህ መልኩ የደረቀ ዳቦ ቆሎ በጥብቅ ክዳን ሳምንታት ይቆያል።

ሁለተኛው የማስበው ነገር ጾም ነው። በተለይ ገና ላይ። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል። እስከ ዋዜማው ይዘልቃል። ገና ደግሞ ታኅሣሥ 29 ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ 28። ስጦታ የምንልከው ግን ከበዓሉ በፊት ነው። ስለዚህ ተቀባዩ ሲከፍተው እየጾመ ነው። ቅቤ ያለበትን ዳቦ ቆሎ ከሰጠሁት ፊቱ አስቀምጦ ሊያየው ነው። ሌላው ደግሞ ሳያውቅ ይበላዋል፤ ያ ይብሳል። እኔ ከበዓሉ በፊት የምሰጠውን ሁሉ የጾም አደርገዋለሁ። የፍስኩን ለበዓሉ ማግስት አቆየዋለሁ። ማርጋሪን የምትጠቀሙ ጀርባውን አንብቡ። አንዳንዱ ውስጥ ወተት አለበት።

እንቁጣጣሽም ላይ አስተውሉ። ገና ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል ይበላል። እንቁጣጣሽ ግን ረቡዕ ወይም ዓርብ ሲውል ጾሙ እንዳለ ነው። የ2017 እንቁጣጣሽ ረቡዕ ዋለ። እኔ ያን ጊዜ ቀኑን ሳላይ ለአንዲት አሮጊት ጎረቤቴ በቅቤ የተለወሰ ድፎ ይዤ ሄድኩ። ተቀብለው መረቁኝ። በማግስቱ ነው የቆረሱት። አንድም ቃል አላሉኝም። አሁን ካላንደሩን አይቼ ነው የማቦካው።

ለሙስሊም ጎረቤትስ? ይህን ጥያቄ ወጣቶች ይጠይቁኛል። እናቶቻችን መልሱን ያውቁታል። ሥጋ ላይ እያንዳንዱ የራሱን ባራኪ ይጠብቃል። ስለዚህ ሥጋ አይሻገርም። ዳቦ፣ ቆሎ፣ ማር፣ ፍራፍሬ፣ ጣፋጭ ግን ከጥንትም በአጥር በላይ ሲሻገር የኖረ ነው። በዒድ ከጎረቤቴ ቤት ሙሸበክ ይመጣልኛል፤ በገና ከእኔ ቤት ድፎ ይሄዳል። ድፎው ላይ ቅቤ ብቀባ ችግር የለውም። አልኮል ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አዋዜ በጠጅ ወይም በአረቄ የሚያሹ አሉ። ብርዝም ቢሆን ዕለቱን ካልተጠጣ መብላላት ይጀምራል። ለጎረቤት የሚሰጥ አዋዜ በውሃና በዘይት ይታሽ። ያ ደግሞ ፍሪጅ ይግባ፤ ቶሎም ይበላ።

ቅቤ። አንድ ኪሎ ቅቤ ሲነጠር አንድ ኪሎ ሆኖ እንደማይወጣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የጎደለው አረፋውና አተላው ብቻ አይደለም፤ ውሃው ነው። ለራሴ ሳነጥር ብዙም አልጨነቅም። ለሰው ሲሆን ግን በጆሮዬ ነው የማነጥረው። እሳቱን ዝግ አድርጌ ቅቤው ሲቀልጥ ሽንኩርቱን፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ገና ከመጀመሪያው እጨምራለሁ፤ የእነሱም ውሃ አብሮ እንዲያልቅ። ቅቤው ይንጫጫል። ያ ድምፅ ውሃ እየወጣ ነው ማለት ነው። አረፋውን እየገፈፍኩ እጠብቃለሁ። ቀስ በቀስ ድምፁ ይቀንሳል። ጸጥ ሊል ሲል ኮረሪማውን፣ ኮሰረቱን፣ በሶብላውን፣ አብሹንና እርዱን አደርጋለሁ። ትንሽ ቆይቶ ከእሳት ይወርዳል። ከዚያ በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ አጠልለዋለሁ፤ የሽንኩርት ቁራጭ አንድም እንዳይቀር። የምገለብጥበት ብርጭቆ ውስጥ አንዲት ጠብታ ውሃ ካለች የሠራሁት ሁሉ ከንቱ ነው።

ከዚህ ቅቤና ከገብስ በሶ ዱቄት ጭኮ ይሠራል። አርሲና ባሌ ያደጋችሁ ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ። ለሁለት ኪሎ የበሶ ዱቄት አንድ ኪሎ ቅቤ፣ ጨውና ትንሽ በርበሬ ነው የምጠቀመው። ዱቄቱ ከቅቤው ጋር ሲታሽ ውሃ የሚባል ነገር አይነካውም። ለዚህ ነው ለወራት የሚቆየው። የወንድሜ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ አንድ ቆርቆሮ ጭኮ ላክሁላት። ዶርም ውስጥ ምድጃ የለም፤ ፍሪጅ የለም። በማንኪያ እየቆረሱ ከጓደኞቿ ጋር ፈተና አለፉበት። አሁን በየዓመቱ ገና ካለፈ በኋላ፣ ሁለተኛው መንፈቅ ሲጀምር ጓደኞቿ ሳይቀሩ ይጠብቁታል።

በርበሬን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ብዙ አትስጡ። የማረቆ ዛላ ገዝታችሁ፣ ቀንጥሳችሁ፣ ደልዛችሁ፣ አድርቃችሁ፣ አስፈጭታችሁ ሦስት ኪሎ ለአንድ ሰው መስጠት ደስ ይላል። ያ ሰው ግን ብቻውን ኮንዶሚኒየም የሚኖር ወጣት ከሆነ ሦስት ኪሎ በርበሬ ምን ያደርግለታል? እየከፈተ እየዘጋ ሽታው ይሄዳል። ለእሱ ሩብ ኪሎ በርበሬ፣ ግማሽ ኪሎ ምጥን ሽሮ፣ ትንሽ ብርጭቆ ሚጥሚጣ ይበቃዋል። ሽሮው ነቀዝ እንዳያወጣ ከመስጠቴ በፊት በደንብ አሽጌ አራት ቀን ፍሪዘር ውስጥ አሳድረዋለሁ። ሳወጣው ሙቀቱ እስኪስተካከል አልከፍተውም፤ ቀዝቃዛ ዱቄት አየር ሲነካው ያልበዋል።

ዛላው ላይ ሻጋታ ካያችሁ ግን «ስጠብሰው ይጠፋል» አትበሉ። ለውዝም ላይ እንደዚሁ። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊተው ይችላል፤ ጉበት የሚጎዳ ነው። የወጥ ቤት እሳት አያጠፋውም። ለራሳችን የማንበላውን ለሰው አንሰጥም። የሻገተው ይጣል፤ ዋጋው ያናድዳል፣ ቢሆንም ይጣል።

አሁን ስለ ሰዎቹ። አክስቴ 84 ዓመታቸው ነው። ዳቦ ቆሎ ይወዱ ነበር፤ ጥርሳቸው ግን ሄዷል። ለበርካታ በዓላት ዳቦ ቆሎ ስወስድላቸው ሳህኑን እያቀፉ ለልጅ ልጆቻቸው ያድሉ ነበር። እኔም መስጠት ስለሚወዱ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ልጃቸው ናት ጆሮዬ ላይ የነገረችኝ። ከዚያ በኋላ ገብሱን ቆልቼ በጣም አልሜ አስፈጭቼ በሶ ነው የምወስድላቸው። ከጎኑ ትንሽ ማር። ለብ ባለ ውሃ በጥብጠው ጠዋት ጠዋት ይጠጡታል። ብርጭቆው ባዶ ሲሆን ያስደውሉልኛል።

ማርን ካነሳሁ፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም። ለትልቅ ሰው የማይጎዳ ተህዋስ ለሕፃን አንጀት አደገኛ ሊሆን ይችላል። አራስ ቤት ማር ይዛችሁ ስትሄዱ «ለእናትየው ነው» ብላችሁ አፍ አውጥታችሁ ተናገሩ። ስኳር ሕመም ላለበትም «ማር ተፈጥሯዊ ነው፣ አይጎዳም» አይባልም። ማርም ስኳር ከፍ ያደርጋል። ለእሱ የገብስና የሽምብራ ቆሎ ይሻለዋል። ደም ግፊት ላለበት ደግሞ ጨዉን ቀንሱ። ለውዝ የማይስማማው ሰው ካለ ለውዝ የነካው ምጣድ ላይ የእሱን አትቁሉ።

አንዷ ጎረቤቴ ነርስ ናት። ባለፈው ዓመት የገና ሌሊት ተረኛ ነበረች። ጠዋት ደክሟት ስትመጣ ልጆቿ በዓል ይጠብቃሉ። ለእሷ ዳቦ ቆሎ ምን ይረባታል? ቁሌት ሠራሁላት። ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ ተኩል ሽንኩርት ያለ ዘይት አቁላልቼ፣ በርበሬውን አብስዬ፣ ቅቤውን ሳልጨምር። ሰፊ ትሪ ላይ ዘርግቼ ቶሎ አቀዘቀዝኩት። ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ፍሪዘር ገባ። በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው እንደ ድንጋይ የደረቀውን ሰጠኋት፤ እሷም ወደ ፍሪዘሯ። ቅቤው ለብቻው በትንሽ ብርጭቆ። የበዓሉ ጠዋት ዶሮዋን፣ ቅቤዋንና እንቁላሏን ብቻ ጨመረች። የሰጠኋት ነገር ወጥ አይመስለኝም። አራት ሰዓት እንቅልፍ ነው የሰጠኋት። እሷም እንደዚያ ብላ ነው ያመሰገነችኝ።

ውጭ አገር ለምትልኩ። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ከእኛ አገር ሥጋና የወተት ተዋጽኦ በሻንጣ ይዞ መግባት አይፈቀድም። ቅቤም የወተት ተዋጽኦ ነው። ጭኮም ቅቤ አለው። ቋንጣም አይቻልም። የሚይዝላችሁን ሰው ኤርፖርት ላይ አታሳፍሩት። ወደ አሜሪካ የሚሄድ ደግሞ የያዘውን ምግብ ሁሉ ማሳወቅ አለበት፤ ያላሳወቀ ሊቀጣ ይችላል። ቋንጣውንም አይወስድ፤ ሥጋ አያስገቡትም።

ታዲያ እህቴ ያለ ቅቤ ትቅር? መፍትሔውን ራሷ ናት ያመጣችው። ጀርመን ውስጥ ጨው የሌለው ቅቤ በ250 ግራም ጥቅል ይሸጣል። አራቱ አንድ ኪሎ ነው። እኔ የምልክላት ቅመሙን ብቻ ነው። የደረቀ ኮሰረት፣ የደረቀ በሶብላ፣ የተወቀጠ ኮረሪማ፣ አብሽና እርድ፤ ለአንድ ኪሎ ቅቤ የሚሆነውን ለክቼ በትንሽ ከረጢት። ቅቤውን ስታነጥር ስልኳን ከድስቱ አጠገብ ታስቀምጣለች። ሁለታችንም ሲንጫጫ እንሰማለን። ጸጥ ሊል ሲል «አሁን» እላታለሁ።

ስለ ዕቃው ፈጠን ብዬ ልለፍ። የለውዝ ቅቤና የማርማላታ ብርጭቆዎችን አትጣሉ። ብርጭቆውን አሥር ደቂቃ ቀቅሉት፤ ክዳኑን በሶዳ እጠቡት፤ የድሮው ሽታ የሚደበቀው ክዳኑ ውስጥ ነው። ሁለቱንም አፋቸውን ደፍታችሁ አሳድሩ። ለጎረቤት ከሆነ ሙዳይ ወይም ትንሽ አገልግል ያምራል። እኛ ቤት የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ስለዚህ ትልቅ ዕቃ አልሰጥም፤ ተቀባዩን ዕዳ ውስጥ መክተት ይሆንብኛል።

ላዩ ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፉ። ምን እንዳለበት፣ መቼ እንደተሠራ፣ «የጾም» ወይም «የፍስክ» መሆኑን ጻፉ። ይህች ወረቀት ብዙ ሰው የሚዘላት ናት። ለእኔ ግን የስጦታው ግማሽ ናት። ተቀባዩ ስጦታውን ሳይሳቀቅ ይከፍታል።

ጠጅ ለመስጠት ያሰባችሁ፤ መፍላቱን ሳይጨርስ ጠርሙስ ውስጥ አትድፈኑት። ይፈነዳል። እዚህ ሰፈር የደረሰ ነገር ነው፤ ሰው አልተጎዳም እንጂ ግድግዳው እስካሁን ምልክቱ አለበት።

ጊዜውን ከአሁኑ ብትከፋፍሉት ጥሩ ነው። በገና ዋዜማ ማንም ሰው ዳቦ ቆሎ መቁረጥ የለበትም። ሽንኩርት አለ፣ ዶሮ አለ፣ ቤት ማጽዳት አለ። የቅመም ከረጢቶቹ በዚህ ሳምንት ያልቃሉ። ዳቦ ቆሎው በሚቀጥለው ቅዳሜ። ቅቤው ከዚያ በኋላ። ድፎ ብቻ ነው ለዋዜማው የሚቀረው፤ እሱ ቢበዛ ሦስት አራት ቀን ነው የሚቆየው።

አሁን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሳህን ዳቦ ቆሎ አለ። ሁለቱም በዘይት ነው የተሠሩት፤ የጾም ናቸው፤ ለውዝ አልነካቸውም። አንደኛው ትናንት ማታ የተሠራ ነው። ሌላኛው የተሠራው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው፤ በክዳን ብርጭቆ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆይቶ ዛሬ ጠዋት ነው የተከፈተው። ስኳሩን በእኩል ለክቻለሁ፤ ዱቄቱም ከአንድ ከረጢት ነው። ኑና ቅመሱ። የትኛው የትኛው እንደሆነ እናንተ ንገሩኝ።